እስኪረጋ ይጠብቁ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለጥያቄ፣

በአምስት ዓመትሽ ሱቄ መጥተሽ ሰዓቱ ውስጥ ማን እንዳለ ስትጨቀጭቂኝ ካወጣሁልሽ ስም ሌላ አፌ አይገባልኝምና በዚሁ ልጥራሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። በጆሮዬም አልፈርድም፤ ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የማይረባ ወሬ ሲሸከም ኖሮ አሁን ደከመው። ባለፈው ስትደውዪ «አዎ፣ አዎ» ያልኩሽ አንድም ቃል ሳልሰማ ነው። ምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም፤ ቤቱን ሸጠህ ውጣ ብለሽኝ ከሆነ አልሸጥም። ከእንግዲህ በደብዳቤ ብንግባባ ይሻላል። እናትሽና እኔ የእህትማማች ልጆች ነን፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ከዚያ ወገን የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽና ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ።

ሱቁን አልዘጋሁም። ሰዓት የሚያሠራ ሰው ግን ጠፍቷል፤ ሁሉም ሰዓቱን ስልኩ ላይ ያያል። አልፎ አልፎ የሚመጣልኝን የግድግዳ ሰዓት ሠርቼ ስጨርስ መሥራቱን የማረጋግጠው ጀርባው ላይ ጣቴን አስቀምጬ ነው።

የጻፍኩልሽ ግን ስለ ዓሦቹ ነው። አስተማሪዋ ጡረታ በወጣች ዓመት ጓሮ ያስቆፈረችውን ኩሬ ታስታውሺያለሽ። (ባለቤቴን ሰዉ ሁሉ «አስተማሪዋ» ሲላት እኔም ለምጄው ቀረሁ።) ክፍል ውስጥ እንደለመደችው ጠዋት ጠዋት ዓሦቹን ትቆጥር ነበር። «ዓሣ እንዴት ይቆጠራል?» ስላት «አንተ አትችልም፤ ትቸኩላለህ» ትለኝ ነበር። ስታርፍ መቶ አርባ ነበሩ። በመጨረሻዋ ሳምንት እጄን ይዛ «እነሱን አደራ» አለችኝ። እኔን ግን ለማንም አደራ አላለችም።

አሁን እነዚህ ዓሦች ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር መጉረስ ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት ሦስቱ ሞተው አገኘኋቸው። ጎረቤቴ ቧንቧ ሠራተኛው «ውሃው ታሟል» ይላል። የውሃ በሽታ የምታውቂ አንቺ ነሽ ሲሉ እሰማለሁ። እባክሽ አደራዬን አታስበዪኝ፤ ምን ላድርግ?

አጎትሽ ሰዓት ሠሪው


ኅዳር 3 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ሰላምታዬ በመካከላችን ያለውን ውሃ ሁሉ ተሻግሮ በጤና ያግኝዎ። እኔ ደህና ነኝ። በስልክ የጠየቅኩዎት ስለ ቤቱ አልነበረም። «ብቸኝነቱ ከበደዎት ወይ?» ነበር ያልኩዎት። ሁለት ጊዜ አዎ ብለዋል።

ስለ ዓሦቹ ያሉት አሳሰበኝ። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ሁሉ አየርም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ዓሣ የሚተነፍሰው ያንን ነው። ሲያንሰው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል። የእኔም ሥራ ይኸው ነው። እዚህ ከተማው የሚጠጣው ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። በሳምንት ሁለት ቀን በጀልባ እንወጣና መለኪያውን በገመድ እያወረድኩ በየሜትሩ ምን ያህል ኦክስጅን፣ ምን ያህል ጨው፣ ምን ያህል ማዳበሪያ ታጥቦ እንደገባበት አነባለሁ። የማነበው እኔ፣ የምጽፈውም እኔ። ጀልባ ነጂው ቋንቋዬን አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ቁጥር በራሴ ቋንቋ ካልጠራሁ ይምታታብኛል። ስለዚህ ጮክ ብዬ «ስድስት ነጥብ አራት» ስል ሰምቶ ሰላምታ መሰለው መሰለኝ፣ አሁን ጠዋት ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «ስድስት ነጥብ አራት» ይለኛል። እኔም እንደዚያው እመልስለታለሁ። በሳምንት ውስጥ በቋንቋዬ የሚያናግረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አዲስ ዓይነት መለኪያ ስለገዛ አሮጌው ሊጣል ነበር። አለቃዬን ለምኜ ተቀበልኩትና ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሣጥኑ የድሮ ሬዲዮ ያህላል። ከገመዱ ጫፍ ላይ ያለው አውራ ጣት የሚያህለው ነገር ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው፤ አፉ ላይ ስስ ሽፋን አለውና እንዳይቀደድ አደራ። መመሪያው ስድሳ ገጽ ነው፤ እኔ በአራት መስመር ልጻፍልዎ። አብርተው ሩብ ሰዓት ያሙቁት። ጫፉን እርጥብ ስፖንጅ ያለበት ኩባያ ውስጥ አድርገው መቶ በመቶ ላይ ያስተካክሉት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ያስገቡና እስኪረጋ ይጠብቁ። ከዚያም ይጻፉ።

ውሃ ውስጥ የሚያሳየው ቁጥር በአንድ ሊትር ስንት ሚሊግራም ኦክስጅን እንዳለ ነው፤ ከአምስት በላይ ከሆነ መልካም ነው። ከሦስት በታች አስጊ ነው። ሁለት ከደረሰ ዓሣ አይኖርበትም። ጠዋትና ከሰዓት ይለኩና ቁጥሩን ብቻ ይላኩልኝ፤ ረጅም ደብዳቤ በመጻፍ አይድከሙ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለጥያቄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ሥራሽንም ፈጣሪ ይባርክልሽ። ቁጥሩን ብቻ ላክ አልሽኝ? እኔ ሰዓት ሠሪ እንጂ የመብራት ቆጣሪ አይደለሁም። ደግሞ ስለ ስልኩ፣ ሳልሰማ ያልኩት አዎ አይቆጠርም።

ዕቃሽ በሰላም ገባ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ሣጥኑን አስከፍታ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። «የዓሣ ትንፋሽ መለኪያ ነው» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ስታየኝ ትስቃለች።

እንግዲህ ነገሩን በዝርዝር ልንገርሽ። አሞቅኩት፤ ስፖንጁንም አላጎደልኩም። ከዚያ አስተማሪዋ ትቆምበት የነበረው ሳንቃ ላይ ተንበርክኬ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ጫፉን ቀስ ብዬ አስገባሁት። እጄን ታውቂዋለሽ። ጆሮ ከዳኝ እንጂ እጅ አልከዳኝም። ፀጉር የምታህል የሰዓት ምንጭ ስይዝ እንደማደርገው ትንፋሼን ውጬ፣ ውሃው ላይ አንዲት ቀለበት እንኳ ሳልሠራ ጠበቅኩ። ሲገባ አምስት ነጥብ ስምንት ይል ነበር። አንቺ ግን እስኪረጋ ብለሻል። እኔ እየረጋሁ በሄድኩ ቁጥር እሱ እየወረደ ሄደ። አራት ተኩል። ሦስት። በሩብ ሰዓቱ ሁለት ነጥብ አንድ ላይ ደረሰና ቆመ። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይላሉ፤ የእኔ መርጋት ያወጣው ይሄንን ነው።

አንድ ቀን ቢሆን ተሳስቻለሁ እል ነበር። አሥራ አንድ ቀን ለካሁት። ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት ሁለት ነጥብ ሦስት፣ እንደገና ሁለት ነጥብ አንድ። ቧንቧ ሠራተኛው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ባትለካው ይሻልህ ነበር» አለኝ። ሳይሞቱ ወንዝ እንውሰዳቸው ይላል። በርሜልም ጋሪም አለው። እኔ ግን ያንቺን ቃል ሳላይ አንድ ዓሣ አላነሣም አልኩት። ስለዚህ ልጄ፣ ይቺን ደብዳቤ ስታነቢ ቆመሽ ከሆነ ሳትቀመጪ መልሺልኝ።

አጎትሽ


ጥር 24 ቀን

ጋሼ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝና ወደ ነገሩ ልግባ። በፈጣሪ ይዤዎታለሁ፣ ዓሦቹን እንዳይነኳቸው! ኩሬዎ ደህና ነው።

ወደ ሌላ ሐይቅ ለሥራ ልከውኝ ስድስት ሳምንት ከቤቴ ርቄ ነበር። ዛሬ ስመለስ ደብዳቤዎን ከፖስታ ሣጥን አውጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። የሁለት ነጥብ አንዱ ጋ ስደርስ ማንበቤን ትቼ ስልኬን አወጣሁ። ወዲያው ደወልኩልዎ፤ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። እንደማይሰሙት እያወቅኩ ነው የደወልኩት።

ያ አሮጌ መለኪያ ሲለካ እሱ ራሱ ኦክስጅን ይበላል። ውሃ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያሉ ካላወዛወዙት ዙሪያውን ያለውን በልቶ ይጨርስና የሚያሳየው የራሱን ረሃብ ነው። ሁለት ነጥብ አንድ የሆነው አፉ ጋ ያለችው ጠብታ እንጂ ኩሬው አይደለም። እውነቱ ሲገባ ያዩት አምስት ነጥብ ስምንቱ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ክንዱ ይደክመው ነበር፣ ቁጥሩም ይህን ያህል ባልወረደ ነበር። የእርስዎ እጅ ነው ያሳሳተን። ኧረ አይደለም፣ ምን ማለቴ ነው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እስኪረጋ ይጠብቁ ስል ቁጥሩ እስኪረጋ ማለቴ ነበር። እርስዎ እጅዎም፣ ውሃውም፣ ትንፋሽዎም እስኪረጋ ጠበቁ። እየነቀነቁ የሚለው እዚህ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ሳልጽፈው ቀረሁ። አስተማሪዋ ብትኖር «የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት የት አለ?» ብላ በቀይ ታሠምርብኝ ነበር።

ጠዋት አየር የሚጎርሱት ምግብ በዝቶባቸው ይሆናል፤ የተረፈው ሲበሰብስ አየሩን ይሻማቸዋል። ግማሹን ይቀንሱላቸው። በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ። አንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ እስከዚያ እንቅልፍ የለኝም።

ልጅዎ


የካቲት 20 ቀን

ለተወደድሽው ልጄ፣

ለጤናሽ፣ ለሥራሽ፣ ለመግቢያ መውጫሽ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የእናትሽ አምላክ አይለይሽ። ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እንዳልሽው አወዛወዝኩት። ጠዋት 5.9 ሆነ። ከሰዓት 6.0 ሆነ። ዓሦቹ ደህና ናቸው። ጥፋት የለብሽም፤ ምንም እንዳይሰማሽ።

አጎትሽ


መጋቢት 17 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንኳን ደስ አለን! እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤዎ ስንት ሳምንት የተሸከምኩትን ድንጋይ አወረደልኝ። 5.9 የምትለዋን ቁጥር የሥራ ማስታወሻዬ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ጻፍኳት። አለቃዬ አይቶ የየትኛው ሐይቅ እንደሆነች ጠየቀኝ። «የእኛ ቤት» አልኩት።

እዚህ ትንሽ ለውጥ አለ። ጀልባ ነጂው ጡረታ ወጣ። በመጨረሻው ቀን ባርኔጣውን አወለቀና «ስድስት ነጥብ አራት» አለኝ፤ ከዚያ አቀፈኝ። በምትኩ ሰው አልቀጠሩም፤ ሞተሩን ራሴ እንድነዳ አሠለጠኑኝ። አሁን ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ላይ ብቻዬን ነኝ። ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ መጥራት ጀምሬ አፍሬ ተውኩት፤ ለማን እንደምጠራቸው ግራ ገባኝ። ማታ የምገባበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳና አንድ የልብስ ገመድ ነው። ገመዱ ላይ አንድ ሰማያዊ ካልሲ ከመጣሁ ጀምሮ ተሰቅሎ አለ። ባለቤቱ ይርሳው ወይ ይሙት አላውቅም። ይህን ለማን እጽፋለሁ፣ ለእርስዎ ካልጻፍኩ?

ቁጥሩን ብቻ ይላኩ ብዬዎት ነበር። ስህተት ነበር፤ አነሣሁት። ቀልድዎ የት ሄደ? ያቺ ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ አሁንም ትስቃለች? ቧንቧ ሠራተኛውስ በርሜሉን ይዞ ሲቀር ምን አለ? ዓሦቹ ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩልኝና ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 12 ቀን

ለጥያቄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ብቻሽን ጀልባ መንዳትሽን አልወደድኩትም። ዋና ትችያለሽ? እናትሽ ወንዝ ስትሻገር ዓይኗን ትጨፍን ነበር፤ ያንን ወርሰሽ እንዳይሆን።

ቁጥሮቹ እነሆ። ሰኞ 5.9 እና 6.0። ማክሰኞ 6.0 እና 5.9። ረቡዕ 5.9 እና 6.0። ሐሙስ 6.0 እና 5.9። በየሳምንቱ ልልክልሽ አስቤያለሁ። አንቺም በየሳምንቱ ብትመልሺልኝ ጥሩ ነው፣ መልስ ከሌለው ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ? መለኪያውም አዲስ ሽፋን ሳያስፈልገው አይቀርምና ላኪልኝ። ስትልኪው በደንብ ጠቅልለሽ፣ አጠቃቀሙን ረዘም አድርገሽ ጻፊልኝ። ባለፈው ያሳጠርሽው ነው ያጠፋን።

ካልሲው ወረደ ወይ? አጠገብሽ ሰው አለ? ምግብ ምን ትበያለሽ?

ቧንቧ ሠራተኛው ደህና ነው። ዓሦቹም እንደዚያው።

አጎትሽ


ግንቦት 10 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ካልሲው አልወረደም። አጠገቤ ሰው የለም። ምግብ የሚሆነኝን እበላለሁ። ዋና አልችልም፤ የሚያንሳፍፍ ልብስ ግን እለብሳለሁ።

ሽፋኑን ልኬዋለሁ። አጠቃቀሙን ግን አልጻፍኩም፤ ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ስሜን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎትና አይቆጡኝ።

ጋሼ፣ ሕይወት ያለው ኩሬ አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም። ሌሊቱን ዓሣውም የውሃው ሣርም ሲተነፍስ አድሮ ጠዋት ይቀንሳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ሣሩ አየር ይሰጠውና ከሰዓት ይጨምራል። ሲደምን ይለያል፣ ሲነፍስ ይለያል። የእርስዎ ቁጥር ግን ዝናብም ፀሐይም አያውቅም። ከ5.9 ወደ 6.0፣ ከ6.0 ወደ 5.9 ይመላለሳል። ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ነው የመሰለኝ። ዓሦቹንም ይቁጠሩልኝ ብዬዎት አልቆጠሩልኝም።

ኩሬው አለ ወይ? ምንም ቢሆን ይንገሩኝ። እኔ መስማት እችላለሁ።

ልጅዎ


ሰኔ 25 ቀን

ልጄ፣

የለም።

መልስሽን ሠላሳ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። በየቀኑ ፖስታ ቤት እሄድ ነበር። ልጅቷ መጨረሻ ላይ መሳቁን ትታ ገና ከበር ስታየኝ እጇን ታወዛውዝ ጀመር፣ የለም ለማለት። ያንቺ ዝምታ ሲረዝም፣ የማይነገር ክፉ ነገር አይታ ነው አልኩ። አንድ ጠዋት መለኪያው አንድ ነጥብ ዘጠኝ አለ። ሁለት ከደረሰ ዓሣ አይኖርበትም ብለሻል። እያየሁ ታፍነው ከሚያልቁ ልሞክር ብዬ ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራሁት። ጥር 15 ቀን ነበር። አንቺ ከመጻፍሽ ዘጠኝ ቀን በፊት ማለት ነው።

ኩሬውን አፈሰስነው። በሁለት በርሜል ሞልተን ጋሪው ላይ ጫንን። ወንዙ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ መንገዱ ድንጋይ ነው፤ እኛም ሽማግሎች ነን። አንድ ሰዓት ፈጀብን። በርሜል ውስጥ ተፋፍገው ያለቻቸውን አየር ጨረሱት። ወንዙ ዳር ስንደርስና ስንገለብጣቸው ሠላሳ አንዱ ሄዱ። ሌሎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ቀሩ። ያን ጊዜ ቆጠርኳቸው። መቶ ስድስት። አስተማሪዋ አትችልም ያለችኝን ቻልኩት፤ ዝም ብለው ነበራ። ቧንቧ ሠራተኛው እያለቀሰ «በቃ ተነሥ» ሲለኝ ከንፈሩን አይቼ ነው የገባኝ።

በየካቲት ያንቺ ደብዳቤ መጣ። «ኩሬዎ ደህና ነው» ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ተናደድኩብሽ። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ከዚያ ደግሜ ሳነበው ሰባት ጊዜ ደወልኩ ያልሽው ጋ ደረስኩ። እኔ የማልሰማውን ስልክ ሰባት ጊዜ የምትደውል ልጅ አለችኝ። መቶ ስድስት ዓሣ ያንቺ አንዲት ቃል ገደለቻቸው ብዬ እንዴት ልጻፍላት? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ይሄ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው አያምርም። ዓሣ ከሌለ ቁጥር የለም፤ ቁጥር ከሌለ ደግሞ አንቺ አትጽፊልኝም ብዬ ፈራሁ። እሑድ እሑድ የሥራ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ የሳምንቱን ቁጥር እፈጥራለሁ። ለመዋሸት ትንሽ ዕውቀት ያስፈልጋል ለካ፤ እኔ የማውቀው ወዲያና ወዲህ ብቻ ነው። ሽፋን ላኪልኝ ያልኩሽም ለምንም አልነበረም። ዕቃ ስትልኪ ደብዳቤው ይረዝማል ብዬ ነው።

አደራ በላ ሆኛለሁ። ለአስተማሪዋ ምን እንደምላት አላውቅም። ያኔ በስልክ የጠየቅሽኝን ዛሬ እየሰማሁ ብትጠይቂኝ መልሴ ያው ነው፣ አዎ፣ ከብዶኛል። አሁን ሁሉን አውቀሻል። ልትጽፊም ልትተዪም ትችያለሽ።

አጎትሽ


ነሐሴ 6 ቀን

ጋሼዬ፣

በምን ቃል ሰላም ልበልዎ? ደብዳቤዎን ሐይቁ መሃል ሞተሩን አጥፍቼ አነበብኩት። ሰው ስለሌለ እንደፈለግኩ አለቀስኩ። ያን ቀን ምንም ሳልለካ ተመለስኩ። ለአለቃዬ መለኪያው ተበላሸ አልኩት።

አደራ በላው እርስዎ አይደሉም። ቃሏን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው የተናደዱብኝ፤ አነሰኝ።

ግን እኔም የደበቅኩት አለኝ። ግንቦት ላይ ጠየቅኩዎት እንጂ ያወቅኩት ያን ጊዜ አይደለም። በየካቲቱ ደብዳቤ ነው የጠረጠርኩት። እርስዎ አራት መስመር ምርቃት ጽፈው አንድም ሰው ሳያሙ ደብዳቤ የሚዘጉ ሰው አይደሉም። ሆኖም እንኳን ደስ አለን ብዬ ጻፍኩ። ሚያዝያ ላይ ቁጥሮቹን ሳይ ምንም ጥርጥር አልቀረኝም። እንደዚያም ሆኖ ሳልጠይቅዎ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ብጠይቅዎ ቁጥሩ ይቆማል፣ ቁጥሩ ከቆመም ደብዳቤው ይቆማል ብዬ ፈራሁ። እርስዎ እዚያ ሆነው የሚፈጥሩትን እኔ እዚህ ሆኜ ቀን እየጻፍኩበት ማስታወሻዬ ላይ እመዘግብ ነበር። በማስታወሻዬ ውስጥ የተሟላ መዝገብ ያለው ውሃ የእርስዎ ኩሬ ብቻ ነው፤ የሌለው ኩሬ።

የዓመት ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ኅዳር ላይ ሦስት ሳምንት እመጣለሁ። እስከዚያ ኩሬውን እንዳይሞሉት። ዓሣ ገዝተው እንዳያስገቡበት፣ እኔን ለማስደሰት ብለው አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ እንዳያፈሱበት። ያደረግኩትን፣ ባዶውን ማየት አለብኝ።

ልጅዎ


መስከረም 3 ቀን

ለጥያቄ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በጤና አገኘሽ። ፈጣሪ ያቺን ጀልባ ከነነጂዋ ይጠብቃት።

ትእዛዝሽን ማክበር አልቻልኩም። እኔ አንድ ባልዲ አላፈሰስኩበትም፤ ዝናቡ ነው የሞላው። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ሲወርድ ከርሞ ከሳንቃው አንድ ስንዝር እስኪቀረው ደረሰ። ቧንቧ ሠራተኛው እናፍስሰው ቢለኝ እኔ ውሃ ማፍሰስ በቃኝ አልኩት።

ትናንት የላክሽውን ሽፋን ቀየርኩና ለካሁት። እንዳልሽው ክንዴን ወዲያና ወዲህ እያልኩ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው ጨርቅ የምታጥብ ትመስላለህ ብሎ በምልክት ቀለደብኝ። ጠዋት ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ከሰዓት ስምንት ነጥብ አንድ። ይሄኛው እውነተኛ ነው፤ በአስተማሪዋ አፅም። ከመቶ ሠላሳ ሰባት ዓሣ ጋር አምስት ነጥብ ስምንት የነበረ ውሃ አሁን ስምንት ሆነ። የሚተነፍስበት ስለሌለ አየሩ እንዳለ ተቀምጧል። መልካም ቁጥር እንዲህ የሚያስጠላ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳንቃው ላይ ትንሽ ቁጭ አልኩና ገባሁ።

የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ። ካልጻፍሽም ግድ የለም፤ ከኅዳር አንድ ጀምሮ በሩን አልቆልፈውም።

አጎትሽ